የስታክ አድራሻ፦ አስሮ መለካት ወይስ ለቆ መለካት?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮድ ከሚጽፉ ወዳጆቼ ጋር ደጋግመን የምንከራከርበት ጉዳይ ነው። የፕሮግራምን ፍጥነት ስንለካ ሊኑክስ የስታኩን (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ዳታውን የሚያስቀምጥበትን የሜሞሪ ክፍል) አድራሻ በየሩጫው እንዲቀያይር እንተወው ወይስ መቀያየሩን እናጥፋው?

ሲጠፋ ቁጥሩ ይረጋጋል፤ ሁለት የኮድ ቅጂዎችን ለማወዳደርም ያጓጓል። እርጋታው ግን ያሳስታል። የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮች (እንደ ተጠቃሚው ስም ያሉ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሰጡት መረጃዎች) የሚቀመጡት ከስታኩ አናት ስለሆነ፣ የተጠቃሚው ስም ጥቂት ፊደላት ሲረዝም ብቻ ስታኩ ሊንሸራተት ይችላል። ያኔ 32 ባይት በአንዴ የሚያነብ ትእዛዝ የ64 ባይቱን የካሽ መስመር (ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ በአንዴ የሚያመጣውን ቁራጭ) ድንበር ሊረግጥ፣ ሁለት መስመርም ሊነካ ይችላል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ የባሰ አለ፦ የሚነበበው አድራሻ ትንሽ ቀድሞ ከተጻፈበት ጋር በታችኛዎቹ 12 ቢቶች ከተመሳሰለ፣ ቦታዎቹ ፈጽሞ ሳይገናኙ ንባቡ ይዘገያል። ኮዱ አልተነካም፤ ቁጥሩ ግን ተለወጠ። አንድ ማሳ ገብስ አይቶ የመንዝን አዝመራ መገመት ማለት ይኸው ነው።

ሲበራ ውጤቱ ይዋዥቃል። 30 ጊዜ አስሩጦ መካከለኛውን ዋጋና ስፋቱን ማየት ግድ ይላል። አድካሚ ነው፤ ለንጽጽር ግን እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ማጥፋቱን ስህተት ለማደን እተወዋለሁ፤ ስህተት ማደኛው ፕሮግራም ጂዲቢም (GDB) በነባሪው የሚያጠፋው ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። መቀያየሩ ሲበራ የኮዱም መነሻ የሚዘዋወረው በ4096 ባይት የሜሞሪ ገጽ ልክ ስለሆነ፣ ማብራቱ የሉፕን አሰላለፍ (የሚደጋገመው ኮድ በገጹ ውስጥ የሚጀምርበትን ቦታ) አይቀይርም። እሱን ለመፈተሽ ኮምፓይለሩን በሌላ የአሰላለፍ ምርጫ እንደገና ማስኬድ ያስፈልጋል።