የሚሊግራም ሚዛን ከስምንት ወር በኋላ፦ የአየር ጠመንጃ ፔሌት መመዘን ያዋጣል?

ሚዛኑ እስከ 20 ግራም የሚመዝን፣ ንባቡ እስከ 0.001 ግራም የሚወርድ፣ በባትሪ የሚሠራ የኪስ ዲጂታል ሚዛን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በጋውንም ክረምቱንም ያሳለፈው አንድ ሥራ ላይ ነው፦ የአየር ጠመንጃ ፔሌት፣ ማለትም ትንሿን የእርሳስ ጥይት፣ በክብደት መለየት። ጠመንጃው ባለ ስፕሪንግ፣ 4.5 ሚሊሜትር፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በ25 ሜትር ርቀት ወረቀት የሚመታበት ነው። ፔሌቱ ቆርቆሮው ላይ 0.547 ግራም ተብሎ የተጻፈበት፣ በአንድ ቆርቆሮ 500 የሚይዘው ነው።

ሚዛኑ ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ተኳሽ ከሚጠብቀው ያነሰ ነው። ፔሌቱ በሰከንድ 230 ሜትር ገደማ ፍጥነት ሲወጣ 25 ሜትር ለመድረስ 0.11 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት ወደ 6 ሴንቲሜትር ይወርዳል። 5 ሚሊግራም የሚከብድ ፔሌት ከጠመንጃው የሚያገኘው ጉልበት ያው ስለሆነ ፍጥነቱ በግማሽ በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ላይ 0.6 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል። የ1 ሚሊግራም ልዩነት 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በየ1 ሚሊግራሙ አሥር ብልቃጥ መደርደር ድካም ነው፤ በየ5 ሚሊግራሙ መክፈል ይበቃል።

ሚዛኑ ከካርቶን እንደወጣ መታመን የለበትም። እንዲህ ያለ ሚዛን የሚለካው የምድርን ስበት ነው፤ ስበቱ ደግሞ ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉና ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። አውሮፓ ውስጥ የተስተካከለ ሚዛን ባሕር ዳር ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 0.3 በመቶ ያህል ያሳንሳል፤ ሚዛኑ የሚስተካከልበትን የ20 ግራም መመዘኛ 19.94 ገደማ ብሎ ያነባል። ፔሌት ላይ ይህ ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም። ቢሆንም ማስተካከያው ደቂቃ አይፈጅም፤ መመዘኛውን በጣት ሳይሆን በወረንጦ ይያዙት፣ የጣት ቅባት ክብደት አለው።

ዋናው ችግር የዜሮ መንሸራተት ነው፤ ሚዛኑ ባዶውን ሳለ እንኳ ንባቡ ከዜሮ ይርቃል። ሚዛኑ እንደተከፈተ ወዲያው ሲሠራበት ንባቡ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ 15 ደቂቃ ተከፍቶ ሲቆይ ይረጋጋል። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ክርን ባሳረፉ ቁጥር ይዋልላል፤ ወፍራም የእብነ በረድ ቁራጭ ከሥሩ ሲገባ ይህ ቀረ። ቬንትሌተር መጥፋት፣ በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት መዘጋት አለበት፤ የሰው ትንፋሽ እንኳ 2 እና 3 ሚሊግራም ያንቀሳቅሰዋል። ሞባይል ከአጠገቡ ሲጠራ ቁጥሩ የሚዘልበት ጊዜም አለ፣ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በደረቁ ወራት የፕላስቲክ ሳህን ኤሌክትሪክ ይቋጥርና ንባቡን ያቃውሳል፤ በብረት ሳህን ተተክቶ ተገላገልን። በሐምሌና ነሐሴ እርጥበት መንሸራተቱ ስለበረታ ሚዛኑ አሁን የሚያድረው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ነው። ባትሪ ሲዳከም ማስጠንቀቂያው ከመምጣቱ በፊት ንባቡ ይዛባል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ መቃወስ ሲመጣ መጀመሪያ ባትሪ ይቀየር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ፔሌት በጥፍር ቀለም ምልክት ይደረግበትና ማመሳከሪያ ይሆናል። በየአሥሩ ፔሌት እሱ ተመልሶ ይመዘናል፤ ከመጀመሪያ ንባቡ ከ2 ሚሊግራም በላይ ከራቀ ዜሮው ይስተካከልና ያለፉት አሥሩ እንደገና ይመዘናሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይህን የዘለለ ሰው የሚለየው የፔሌቱን ክብደት ሳይሆን የሚዛኑን መንሸራተት ነው። ከመመዘን በፊት ደግሞ እያንዳንዱ በዓይን ይታይ፤ የኋላ ጠርዙ የተጨፈለቀ ፔሌት ክብደቱ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ይስታል።

ሚዛኑ ገንዘቡን የሚመልሰው ከመንጋው የወጡትን ሲይዝ ነው። አብዛኛው ፔሌት በ0.543 እና 0.552 መካከል ይወድቃል። 0.535 እና ከዚያ በታች የሚያነቡት ጥቂቶች፣ በዓይን ደህና የሚመስሉት ጭምር፣ አላማውን ሲስቱ የሚታዩት እነሱ ናቸው። እነዚህ ለመለማመጃ ይቀመጡ።

ነፋስን ግን ሚዛን አይፈታውም። በሰከንድ 2 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያንኑ ፔሌት በ25 ሜትር ወደ 1 ሴንቲሜትር ይገፋዋል፤ የ5 ሚሊግራም ልዩነት ከሚያደርሰው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ጣና ዳር ከረፋድ በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሳል፤ ደንገሉ መወዛወዝ ሲጀምር ፔሌት ለማወዳደር የሚደረግ ተኩስ ይቁም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፣ በግንብ በታጠረ ግቢ፣ ከዒላማው ጀርባ ጥይት የሚያስቀር አፈር ተቆልሎ። ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በፍጹም አይተኮስም፤ ሰውም ወፍም አለ። ፈቃድን የሚመለከተው ሁሉ አስቀድሞ ይጣራ።

ሚዛን ከመግዛት በፊት ሌላ ወጪ ይቀድማል፦ የፔሌቱ ራስ (የፊት ክፍሉ) ስፋት 4.50፣ 4.51 እና 4.52 ሚሊሜትር የሆነ ሦስት ቆርቆሮዎች። አፈሙዙ የትኛውን እንደሚወድ ሚዛን አይነግርም። ፔሌት በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 20 ተኩሶች አይቆጠሩም፣ የአፈሙዙ ውስጥ አዲሱን እርሳስ እስኪለምድ ነው፤ ከዚያ አምስት አምስት ተኩስ አራት ጊዜ ተተኩሶ የቀዳዳዎቹ መራራቅ አማካይ ይወዳደር። ያሸነፈው ብቻ ይመዘን። ፔሌቱ እርሳስ ነውና ሚዛኑና ሳህኑ ወጥ ቤት አይግቡ፣ እጅም ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ።