ከጉድጓድ እስከ ሪዘርቫየር፦ ለፒኤልሲ የትኛው ሬዲዮ ሞደም ይሻላል?

የውኃ አገልግሎት ውስጥ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጥልቅ ጉድጓዱና ፓምፑ ሜዳ ላይ፣ ሪዘርቫየሩ (የውኃ ማጠራቀሚያው) ኮረብታ ላይ፣ በመካከላቸው 6 ኪሎ ሜትር። መሣሪያዎችን የሚያገናኘው አርኤስ-485 የመረጃ ኬብል ቢበዛ 1200 ሜትር ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ሁለቱን ፒኤልሲ (በየጣቢያው ያሉትን የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች) በሬዲዮ ማገናኘት ይመጣል። ሻጭ ቀድሞ የሚነግራችሁ ርቀቱን ነው። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ግን ሞድበስ (ፒኤልሲዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ቋንቋ) በሞደሙ ውስጥ ሳይቆራረጥ ያልፋል ወይ ብዬ ነው።

ሞድበስ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የታሰበው ለሽቦ ነው። በአርቲዩ ዓይነቱ መልእክት ማለቁ የሚታወቀው በዝምታ ነው፦ የሦስት ተኩል ፊደል ጊዜ፣ በ9600 ቢት በሰከንድ ፍጥነት 4 ሚሊሰከንድ ገደማ። ሞደሙ አንዱን መልእክት ለሁለት ከፍሎ ከላከው ተቀባዩ ግማሹን እንደ ሙሉ ቆጥሮ ይጥለዋል። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሬጅስተር (እያንዳንዱ አንድ ቁጥር የሚይዝ የፒኤልሲ ማኅደር) እያነበበ ደህና የሠራ ሞደም፣ ቦታው ላይ 50 ሲጠየቅ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

በዚህ ፈተና የሚያልፉት እንደ ፊንላንዱ ሳቴልላይን ኢዚ ያሉ ጠባብ ባንድ የዩኤችኤፍ ሞደሞች ናቸው። ከ403 እስከ 473 ሜጋኸርዝ፣ እስከ 1 ዋት፣ በ25 ኪሎኸርዝ ቻናል 19200 ቢት በሰከንድ። ፍጥነቱ ለዘመኑ ሰው ያስቃል፤ ለፓምፕ ግን ይተርፋል። ዛፍና ጉብታም እንደ 2.4 ጊጋኸርዝ ካሉ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች በተሻለ ይቋቋማል። ዋጋው ውድ ነው፣ ፍሪኩዌንሲውንም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ከግዢው በፊት ጀምሩት። በምላሹ ቻናሉ የእናንተ ነው፤ ጎረቤት አይረብሻችሁም።

እንደ ኢባይት ኢ32 ያሉት የቻይና ሎራ (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ የሬዲዮ ዘዴ) ሞደሞች በዋጋ ያማልላሉ። ሎራ ግን ርቀት የሚገዛው በፍጥነት ነው። በጣም ዘገምተኛው አሠራሩ 300 ቢት በሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ 10 ሬጅስተር የያዘ 25 ባይት መልስ ብቻውን ከአንድ ሰከንድ በላይ አየር ላይ ይቆያል። የማስተሩን (ጥያቄ የሚልከውን ፒኤልሲ) የመጠበቂያ ጊዜ ካላረዘማችሁ መልሱ ሳይደርስ ስህተት ይመዘገባል። ኢ32 በአንድ ፓኬት (በአንድ ጊዜ አየር ላይ በሚልከው ጥቅል) የሚይዘውም 58 ባይት ስለሆነ በአንድ ጥያቄ ከ20 ሬጅስተር አትለፉ። የሪዘርቫየር ከፍታ በየደቂቃው ለመላክ በቂ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ 433 ሜጋኸርዝ ነፃ ባንድ ነው ተብሎ 1 ዋት ይሸጣል፤ አውሮፓ ውስጥ እዚያ ባንድ ላይ ያለፈቃድ የሚፈቀደው 10 ሚሊዋት ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል ለምትሉ ደግሞ፦ እንደ ኤክስቢ ፕሮ 900ኤችፒ ያሉት ሬዲዮ ሞደሞች የሚሠሩበት ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ እዚያ ነፃ ነው። እኛ ባለንበት የዓለም ክፍል ግን ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የ900 ጂኤስኤም ሞባይል ነው። አታስመጡ።

የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞደም ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የሚፈልገው ግን ጥርት ያለ እይታ ነው። በ6 ኪሎ ሜትር መንገድ መሃል ላይ ዙሪያውን 14 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይሻል። ዘንድሮ የተተከለ ባሕር ዛፍ አይጋርደውም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው።

4ጂ ሞደም ራቅ ላለ ጣቢያ ክትትል ይሆናል። ፓምፕ ማስነሻና ማቆሚያ አላደርገውም፤ መዘግየቱ ይለዋወጣል፣ ኔትወርኩ ሲጠፋም ምንም ማድረግ አትችሉም።

እኔ ብሆን ፓምፑን ከሪዘርቫየሩ ለሚቆጣጠር መስመር ዩኤችኤፉን እገዛለሁ። በጀት ካልፈቀደና ሥራው ከፍታ ማንበብ ብቻ ከሆነ ሎራ ይበቃል። የቱንም ብትገዙ ከሪዘርቫየሩ ፒኤልሲ በየጊዜው የሚጨምር አንድ ቁጥር አስልኩ። የፓምፑ ፒኤልሲ ቁጥሩ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ካልተለወጠ ፓምፑን ራሱ ያቁም። ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት የሪዘርቫየሩን አንቴና አስነቅላችሁ ፓምፑ ሲቆም በዓይናችሁ እዩ።