ዝገት ላይ አልረጭም ላለኝ የአዳማ ባለሙያ

ሰላም የአዳማ ልጆች። የፒካፓችንን ካሶኒ ላይነር፣ ማለትም ብረቱን የሚጠብቀውን ወፍራም ሽፋን፣ ለረጨልን ባለሙያ ይሄን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ሰኔ ላይ ነው። ግን ሥራው ክረምቱን ሳያልፍ፣ ቲማቲም ሳይጫንበት ምኑን ልመስክር ብዬ ቆየሁ። አሁን መስከረም ነው። በሙሉ ልቤ እጽፋለሁ።

አምና እኔና ባለቤቴ ያገለገለ ዲማክስ ፒካፕ ገዛን። ከመቂና ከቆቃ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣን እዚሁ እናከፋፍላለን። ሞተሩ ጥሩ ነው። ካሶኒው ላይ ግን የፕላስቲክ ምንጣፍ ተገጥሞበት ስለነበር ስንገዛው ከስሩ ያለው አልታየንም። በኋላ ብናነሳው አሸዋ፣ የማዳበሪያ ብናኝ፣ ያልደረቀ ውሃ፣ ከዚያ በታች ቡናማ ዝገት። ለካ ፕላስቲኩ ውሃውን ከስር ይዞ ያስቀረዋል፣ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ደግሞ ቀለሙን እየፋቀ ብረቱን ያራቁተዋል። ማዳበሪያ ብረት እንደሚበላ ገበሬውም ሾፌሩም ያውቃል። የቲማቲም ውሃም ኮምጣጣ ነው፣ ቀላል አይደለም።

በስፕሬይ የሚረጨውን ላይነር ላስደርግ ብዬ መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ ዛሬ አስገባና ነገ ማታ ውሰድ አለኝ። ዝገቱስ ስል "ላይነሩ ይውጠዋል" አሉ። ልቤ አልተቀበለውም።

ከዚያ አንድ ወዳጄ ወደ አሰላ መውጫ ወዳለው ልጅ ላከኝ። ስሜን አይጻፉ ስላለኝ አልጽፍም። ባትሪ ይዞ መኪናው ስር ገባ፣ በመዶሻ እጀታ ቆረቆረ፣ ወጣና "ጋሼ፣ እኔ ዝገት ላይ አልረጭም" አለኝ። "ላይነሩ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይነሳም። ዝገቱ ከስር እየበላ ይሄዳል፣ እርስዎ የሚያዩት ቀዳዳ ሲሆን ነው።" አምስት ቀን እንደሚፈጅ ነገረኝ። በዚያ ሳምንት ሥራ ነበረን፣ ግን ተስማማሁ።

ምንጣፉ የታሰረባቸውን ቡሎኖች ሁሉ ፈታ። በሙቅ ውሃና በኦሞ አጠበው፣ ሲደርቅ ቅባቱን በቲነር ጠረገ። ዝገቱን በግራይንደር ንጹህ ብረት እስኪወጣ ፋቀው። ደህና የነበረውን ቀለም እንኳ በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት አሻከረው፣ ምክንያቱም ለስላሳ ቀለም ላይ ላይነር አይዝም፣ ቆይቶ እንደ ቆዳ ይላጣል። ከጎማው ጉብታ አጠገብ ሁለት ቀዳዳ ተገኘ፣ በያጅ አስጠርቶ አስደፈነው። ከዚያ ፕራይመር፣ ከላይነሩ በፊት የሚቀባውን የስር ቀለም፣ ቀባው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከመርጨቱ በፊት ደወለልኝና "መጥተው ይዩት፣ ከሸፈንኩት በኋላ ማንም አያየውም" አለኝ። ሄጄ በእጄ ዳበስኩት። አንድም ቡናማ ቦታ የለም። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ለዚች ስልክ ብቻ አመሰግነዋለሁ። እኔ በንግድ ስኖር፣ የተደበቀውን ሥራ ና እይልኝ ብሎ የጠራኝ ባለሙያ አልገጠመኝም።

የረጨው ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ አቧራው እርጥቡ ላይ ከተለጠፈ ሥራው አለቀለት። መኪናውን በጋዜጣና በላስቲክ ሸፈነ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ለብቻ አሸጋቸው። እቃው ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክር ፖሊዩሬቴን ነው፤ አንዱ ፈሳሽ ኢሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ስላለው ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። ልጁ ፊቱን ሙሉ የሚሸፍን፣ በቱቦ ከውጭ ንጹህ አየር የሚስብ ማስክ አድርጎ ነው የሠራው፣ ረዳቱንም ከክፍሉ አስወጣ። በጨርቅ አፉን አስሮ ይሄን የሚረጭ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ንገሩት። በሦስት ዙር ወደ 3 ሚሊሜትር ውፍረት አደረሰው። እስከ 24 ሰዓት አትንኩት፣ ሳምንት እስኪሞላው ከባድ ጭነት አትጫኑ አለ። ጠበቅን።

እና እንዴት ሆነ? ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ወረደበት፣ ውሃው በቀዳዳዎቹ ይወጣል፣ የሚተኛ የለም። ድሮ ሞጆ ላይ ፍሬን ስይዝ የቲማቲም ሳጥኖቹ ተንሸራተው ይፈነካከቱ ነበር፤ አሁን ሸካራ ስለሆነ ከተቀመጡበት አይነቃነቁም። ድምፁም ቀነሰ። ጉድለቱንም ልናገር፣ ራሱ አስቀድሞ የነገረኝ ነው። ጥቁሩ በፀሐይ ብዛት ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ የእኛም ስፖንዳው ጫፍ ላይ ጀምሯል። ከባድ ኬሻ እየጎተቱ ማውረድም አይቻልም፣ ማንሳት ነው፣ ጫኝ አውራጆቹ ይሄን አልወደዱትም።

ነሐሴ ላይ አንድ የብረት ጫፍ ትንሽ ቦታ ቧጠጠው። ወሰድኩት፣ አጸዳና ደፈነው። ሂሳብ ስል "ይሄ የኔ ሥራ ነው" ብሎ እምቢ አለ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ባለቤቴም አመስግንልኝ ብላለች። ፒካፕ ያላችሁና ማሠራት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ዋጋው እንደ ዝገቱ መጠን ስለሚለያይ መኪናውን ሳያይ አይናገርም። ስትሄዱ ካሶኒውን ባዶ አድርጋችሁ፣ ምንጣፍ ካለውም አንስታችሁ ሂዱ።