እናት ልታመጡ ያሰባችሁ፣ «13 ሰዓት ነው» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልንገራችሁ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ትኬት ይቆርጣል፣ ውክልና ይጽፋል፣ ታክስም ይሠራል። ካርድ አይቀበልም፣ ዜል ብቻ፤ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ የሚላከው። «ጋሼ ይቀመጡ፣ ቡና ይምጣልዎት?» ይባላል። ቀጥሎ «ሁለት ወንበር ነው የቀረው» ይመጣል።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ እንግሊዝኛ አትሰማም። ስለዚህ ቢወደድም ከቦሌ ተነስቶ ደለስ፣ የዲሲው ትልቁ ኤርፖርት፣ የሚገባውን ነው የምፈልገው አልኩት ትኬት ቆራጩን ልጅ። ልጁ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከፍቶ ሁለቱን ከተሞች ጻፈ። «ይኸው፣ 11,500 ኪሎሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት። እማማ አንድ እንቅልፍ ተኝተው ዲሲ ናቸው» አለኝ። ብሩን በዜል ላክሁለት።

እንዲህ ያለው ገጽ ካርታው ላይ መስመር ያሰምርና ርቀቱን ለአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍላል፤ በሰዓት 900 ኪሎሜትር ገደማ። በቃ። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ እውነትም 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ከቦሌ ሲመጣ ግን አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ነው። ለዚህ ርቀት የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብዳል። መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል፤ ለዓመታት ደብሊን ነበር የሚያርፉት። ነፋሱም ከፊት ነው። ተደምሮ 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ትኬት የሚሸጥ ሰው ይሄ ይጠፋዋል? ለእሱስ ግድ የለኝም፣ እናቴ ከአውሮፕላኑ አትወርድም።

ማታ በኢሜይል የመጣው ትኬት ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል። እዚያ 11 ሰዓት ቁጭ። ከዚያ ኒውዮርክ ጄኤፍኬ። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ፣ ታክሲ ፈልጋ፣ ላጓርዲያ የሚባል ሌላ ኤርፖርት! ከዚያ ሬገን፣ ሌላው የዲሲ ኤርፖርት። ሲደመር ከ32 ሰዓት በላይ። ለይቶ የቆረጠው ሁለት ትኬት ነው፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ተቃጠለ። ዊልቸር የሚገፋላት ሰው ደግሞ የኤርፖርቱ በር ላይ ይሰናበታታል።

ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ደረስኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ቀና ብሎም አላየኝ፣ ስልኩን እየነካካ ነው። «13 ሰዓት አላልከኝም?» አልኩት።

«እሱ ርቀቱ ነዋ!» አለኝ። «እኔ ርቀቱን ነው ያሳየሁህ። ትኬቱን አንተ ነህ ያላየኸው።»

ከመክፈሌ በፊት አንቱ ነበርኩ። ገንዘቡ ገቢ ሲሆን አንተ ሆንኩ።

ሳይከፈል ትኬቱን መቼ አሳየኝ? ይሄን ስለው ከጀርባዬ ለገባች ሴትዮ ፈገግ ብሎ «እትዬ፣ ይቀመጡ» አላት። ብሬን መልስ ስለው «ሪፈንድ የለውም፣ መቀየር ከፈለግክ 400 ዶላር» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ለእሷም ኮምፒውተሩን ሲያዞርላት አየሁ። «እትዬ፣ ትኬቱን ሳያዩ እንዳይከፍሉ» ብዬ ወጣሁ። ተሳደበ፣ ይሳደብ።

ሳትከፍሉ የበረራ ቁጥሩን፣ የሚያርፍበትን ኤርፖርት ሁሉና የትራንዚቱን ሰዓት በጽሑፍ ተቀበሉ። ከቻላችሁ ከአየር መንገዱ ራሱ በካርድ ግዙ።

እኔ ሌላ ትኬት የምገዛበት ብር የለኝም። ጄኤፍኬ ድረስ ነድቼ እቀበላታለሁ፤ የላጓርዲያው ትኬት ይቃጠል።