ቦይለር ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ባለሙያ ሳታማክሩ ቱቦ እንዳትቀይሩ

እግዚአብሔር ይስጠው! ዛሬ በሰው ፊት ላመሰግነው የፈለግኩት አንድ የቦይለር ውሃ ባለሙያ አለ።

እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ላውንደሪ አላት። የሆቴል አንሶላና ፎጣ ነው የምናጥበው። እንፋሎት ከሌለ ሥራ የለም። እንፋሎቱን የሚያፈላልን ቦይለር ደግሞ ቱቦው እየተበሳ ስንት ጊዜ አስቆመን! ጠጋኞች ይመጣሉ፣ አሮጌውን ቱቦ አውጥተው አዲስ ይከታሉ፣ ብራቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ለምን እንደሚበሳ የነገረን አንድም ሰው የለም። አንዱ ምንም ያልተጻፈበት የኬሚካል ጀሪካን ሸጦልን ስልኩን ዘጋ። ሌላው ይባስ ብሎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦይለር ሲጠብቁ የኖሩትን ጋሼን በሠራተኛ ፊት ሰደባቸው። ጥፋቱ የእሳቸው ነው አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይኼኛው እንደመጣ ውሃውን ነው ያየው። ከቦይለሩ ቀዳ፣ የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረበት፣ ቀለሙን አየ። ከዚያ የተቀየረውን ቱቦ በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጡን አሳየን። ብረቱ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተበልቷል። የሚበላው ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ሰልፋይት የሚባለው ኬሚካል ደግሞ ኦክስጅኑን ብረቱ ጋ ሳይደርስ ይይዘዋል። ከማብራሪያው እኔ የያዝኩት ይህንን ብቻ ነው።

ብዙ ኬሚካል ሊሸጥልን ይችል ነበር። እሱ ግን "መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ታንከሩ ውስጥ አሙቁት፤ ሲሞቅ አብዛኛው ኦክስጅን ራሱ ይወጣል፣ የኬሚካል ወጪያችሁም ይቀንሳል" አለን። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የታንከሩን ውሃ እንዳይፈላ 85 ላይ አደረገልን። ዝገቱ ይዘገያል እንጂ ጨርሶ አይቀርም፣ ክትትል ካቆማችሁ ይመለሳል ብሎም በግልጽ ነገረን።

ከሁሉም ልቤን የነካው ለጋሼ ያደረገው ነው። ጋሼ እንግሊዝኛ አያነቡም። ካርቶን አምጥቶ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ጻፈላቸው፦ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ10.5 በታች እንዳይወርድ፣ ሰልፋይቱ በሊትር ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም እንዲሆን፣ ከቦይለሩ ሥር ዝቃጩ የሚወጣበት ቫልቭ በየቀኑ እንዲከፈት። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ምርመራውን ራሳቸው እስኪሠሩት ጠበቀ። "ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቦይለር ሐኪም እርስዎ ነዎት" አላቸው። እማዬ መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች።

ከዚያ ወዲህ ቱቦ አልተበሳብንም። ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ ያላችሁ፣ እባካችሁ እሱን ጥሩ። በድጋሚ እላለሁ፣ እሱን ጥሩ! አስፈቅጄዋለሁ፤ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። የተቀየረ አሮጌ ቱቦ ካላችሁም እንዳትጥሉት፣ ሲመጣ አሳዩት።