የኖሮቫይረስ ምርመራ፦ ካሴት ይገዛ ወይስ ናሙና ይላክ?

ባሕር ዳር ክሊኒክ የከፈቱ ወዳጆቼ፣ አሁን አሁን ደግሞ የሐይቁ ዳር ሆቴል ኃላፊዎች ሳይቀሩ፣ ትውከትና ተቅማጥ ስለሚያስከትለው ስለዚህ ቫይረስ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። መልሴን አልደብቅም፦ ካሴቱን (እዚያው በደቂቃዎች ውጤት የሚያሳየውን የፕላስቲክ መመርመሪያ) ተዉት፤ ሰገራውን ለፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ ለሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ) ላኩ።

«ፒሲአር ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሻጩ የካርቶኑን ዋጋ በውስጡ ላሉት 20 ካሴቶች አካፍሎ ይነግራችኋል። እናንተ ማካፈል ያለባችሁ ግን የማብቂያ ቀኑ ሳያልፍ ለምትጠቀሙበት ብዛት ነው። 8 ብቻ ከተጠቀማችሁ የአንዱ ዋጋ ከተነገራችሁ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ካሴቱ ቫይረሱ ያለበትን ሰው «የለበትም» የማለት ልማድ አለው። «አለ» ሲል በአብዛኛው ይታመናል፤ «የለም» ሲል ግን ያው ናሙና ወደ ፒሲአር መሄዱ አይቀርም፤ ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ።

ሽምብጥ አካባቢ የሚሠራ ባልደረባዬ በቅናሽ የገዛው ካርቶን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ነው የደረሰው። ካርቶኑ ላይ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ ተጽፏል! ስንከፍተው አንዳንዱ ማሸጊያ አብጧል። የማብቂያው ቀን ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጥፍር ሲያነሣት ከሥሯ ያለፈ ቀን ወጣ። ካሴቱን ስንሞክረው፣ «ምርመራው ሠርቷል» የምትለው የመቆጣጠሪያዋ መስመር ግን ቀይ ሆና ትታያለች። በእርሷ አትታለሉ፦ ፈሳሹ መጓዙን እንጂ ቫይረሱን የሚይዘው መስመር በሙቀት አለመበላሸቱን አትነግራችሁም። ሻጩ እስከ ዛሬ ስልክ አያነሣም።

ፒሲአር ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከኮቪድ ወዲህ ማሽኑ ያላቸው ላቦራቶሪዎች በዝተዋል፤ የኖሮቫይረስ ኪት (ማሽኑ የሚጠቀምበት የምርመራ ግብዓት) መኖሩ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ። በእያንዳንዱ ዙር ውጤቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ የመቆጣጠሪያ ናሙናም አብሮ ይሠራል፤ የእርሱም ወጪ ስላለ አንድ ናሙና ብቻ መላክ ኪሳራ ነው። ለወረርሽኝ ማጣሪያ የሚመከረውም ቢያንስ ከ5 ሕሙማን፣ ሕመሙ በጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ የተወሰደ ሰገራ ነው። አምስቱን በማቀዝቀዣ አቆይታችሁ በአንድ ላይ ላኩና በዋጋው ተደራደሩ።

ሕፃናትን የሚያስቀምጠው የሌላው ቫይረስ፣ የሮታ፣ ካሴት ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ እርሱን ብትገዙ አልቃወምም። ሆኖም የሮታ ክትባት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ6 እና በ10 ሳምንት ይሰጣል፤ ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ፣ ሰሞኑን የተከተበ ሕፃን ሳይታመምበትም ካሴቱን «አለ» ሊያስብለው ይችላል።

አንድ እንግዳ ብቻ ካስታወከና ካስቀመጠው ግን ሁለቱም አያስፈልጉም። ኖሮቫይረስ የራሱ መድኃኒት የለውም፤ ብሩን ለሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ለበረኪና አውሉት፤ የእጅ አልኮሉ ይህን ቫይረስ እምብዛም አይነካውም። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ደግሞ ኮሌራም ሊሆን ይችላልና የላቦራቶሪ ውጤት ሳትጠብቁ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ፤ ለዚያ የምትከፍሉት የለም።