የሚያስቀምሱን ቅቤና የሚሸጡልን ቅቤ አንድ አይደለም

ቅቤ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። ኪሎውን ከ1,000 ብር በላይ ከፍዬ የገዛሁት «ለጋ ቅቤ» ዛሬ ጠዋት ለቤተሰቤ ያገነፋሁትን ገንፎ አበላሽቶብኛል። የገንዘቡ ነገር ያንገበግባል። ዕቃውን ይዤ ስመለስ የደረሰብኝ ንቀት ግን ከገንዘቡ ይብሳል፤ እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው።

ሻጩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነጭ ጋዋን ደርቦ ሱቁ በር ላይ ይቆማል። «እናቴ ነይ፣ የሸኖ ለጋ ዛሬ ገባ» ይላል። በቢላዋ ጫፍ ከባልዲው አናት ላይ ቆንጠር ያደርግና የእጃችሁን ጀርባ ይቀባል። ታሸታላችሁ፣ ትቀምሳላችሁ፤ እውነትም ለጋ ነው። ከዚያ «ይህኛው በሙቀቱ ለስልሷል፣ ጠንከር ያለውን ከውስጥ ላምጣልሽ» ብሎ ወደ ጓዳ ይገባና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ይዞ ይወጣል። ተመዘነ፣ ፌስታል ውስጥ ገባ፣ ተከፈለ። ደረሰኝ ስትጠይቁት ማሽኑ ሁልጊዜ የተበላሸ ነው።

ገንፎው ለቤታችን ተራ ቁርስ አልነበረም። እናቴ ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጥርሷ ስለደከመ ለስለስ ያለ ምግብ ነው የሚስማማት። ልጆቼ ደግሞ ገንፎ የሚያውቁት አራስ ጥየቃ ስንሄድ ብቻ ነው። እኔ ግን ያደግሁበት ነው። በክረምት ጠዋት እናቴ ሳህኑን በቅቤ ወልውላ ገንፎውን ትገለብጥበትና መሀሉን በማንኪያ ጀርባ ታጎደጉደዋለች። በርበሬውና ቅቤው እዚያ ይሞላል። እኛ ዙሪያውን ተቀምጠን ከዳር ከዳር እየቆረስን እናጠቅሳለን፤ ቸኩሎ ግድግዳውን ያፈረሰና ቅቤውን ያፈሰሰ ልጅ ወዮለት! ይህን ነበር ልጆቼ ከአያታቸው ጋር በአንድ ሳህን ዙሪያ እንዲያዩት የፈለግሁት።

ስለዚህ አልሰሰትኩም። ነጭ ገብስ አስፈትጌ፣ በምጣድ አመስ አድርጌ አስፈጨሁ። በርበሬው እናቴ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ነው። ከፈላው ውሃ ከፊሉን ቀንሼ አስቀመጥኩ፤ ዱቄቱ እንዳይጓጉል ያንን በትንሽ በትንሹ እየመለስኩ ላብ እስኪያጠምቀኝ አማሰልኩ። በጎን ደግሞ ቅቤውን ከኮሰረት፣ ከኮረሪማና ከትንሽ እርድ ጋር ለማንጠር ጣድኩት።

ደህና ቅቤ ሲነጠር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አረፋ ይደፍቃል፣ ቀስ ብሎ ይረጋጋል፣ ዝቃጩ ወደ ታች ይቀመጣል፣ ከላይ ጥርት ያለው ወርቃማ ንጥር ይቀራል፤ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። የእኔው ግን ውሃ እየተፋ ተንጣጣ፤ ምድጃው ሁሉ ተረጨ። ሥሩ ላይ ቡናማ ሊጥ የመሰለ ነገር ተጣብቆ ማረር ጀመረ። ያረረው ነገር የሚሸተው ጣፋጭ ጣፋጭ፣ የተጠበሰ ሙዝ ነበር። ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት ደግሞ ከኮሰረቱ በቀር ምንም ሽታ የለውም። ወንፊት አምጥቼ አጠለልኩት። ልጆቹ ተርበው ሳህኑን ከበዋል፤ ሌላ ቅቤ በቤቱ የለም። ገንፎው ላይ አፈሰስኩት።

እናቴ አንድ ጊዜ አጥቅሳ ጎረሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ይህ ከላም የወጣ አይደለም» አለች። እኔም ቀመስኩት። እንደ ሻማ ሰም ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ፤ ትኩስ ሻይ እንኳን አላለቀቀውም። ትንሹ ልጄ «ገንፎ የምትሉት ይህን ነው?» ብሎ ተነሳ። ያ ሁሉ ድካም ለዚህ!

ቅቤ ላይ የተፈጨ ሙዝ፣ ዱቄትና የሚረጋ ዘይት እንደሚቀላቀል በየጊዜው ሲነገር እንሰማለን። የፓልም ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ ስለሚረጋ ከጥቂት ለጋ ጋር ከታሸ ዓይን አይለየውም። ዋጋው ግን ከቅቤ ዋጋ ጋር አይገናኝም፤ ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የተረፈውን ቅቤ በፌስታሉ፣ ያረረውን ዝቃጭ በብርጭቆ ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሰውየው የሌላ ሴት እጅ እየቀባ ነበር፤ «እናቴ ቅመሺው» እያለ። ድምፄን ሳልጨምር «ወንድሜ፣ ይህን ትናንት ከአንተ ነው የገዛሁት፤ እባክህ እየው» አልኩት። አላየኝም። ሴትዮዋ እስክትቀምስ ጠበቀ። ከዚያ ፌስታሉን ከእጄ ተቀብሎ ፈታው፣ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፣ ጣቱን በጋዋኑ ጠረገ፣ መልሶ በጥንቃቄ ቋጠረው። አሁን ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ «እኔ አንቺን አላውቅሽም» አለኝ።

ትናንት «እናቴ» ስትባል የነበረችው እኔ ነኝ! «የቤት ደንበኛ ሁኚ» ተብዬ የተሸኘሁት እኔ ነኝ! «ደረሰኝ አለሽ?» ሲል ቀጠለ። ማሽኑ ተበላሽቷል ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ ብለው ወደ ልጆቹ ዞሮ «ማንጠር ሳይችሉ ቅቤ ይገዛሉ» አለ። ሚዛን ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆች ሳቁ። ፌስታሉን መሬት ላይ ጣለና በእግሩ ወደ በሩ ገፋው። ያቺ ሴት እጇ ላይ ያለውን ቅቤ አየች፣ እኔን አየች፣ አንገቷን ደፋች። ስወጣ ሲመዝንላት ነበር። ከሁሉም ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትና እንዲስተናገድ፣ ከነጋዴ ስድብና ማመናጨቅም እንዲጠበቅ መብት ሰጥቶታል። ፌስታሉንም ብርጭቆውንም አልጣልኳቸውም፤ ሰኞ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዣቸው እገባለሁ።

እናንተ ግን የቀመሳችሁት ባልዲ ራሱ ፊታችሁ ካልተመዘነላችሁ አትግዙ። ከአናቱ ሳይሆን ከሥሩ አውጥቶ ያስቀምሳችሁ። መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ወስዳችሁ ቤታችሁ አቅልጡት። ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ገንዘብ አታውጡ፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ካላችሁ ሱቁን ጥላችሁ ውጡ።